ሁለት ሁለት ጊዜ የተቀዱ ዘፈኖች

ሰኔ 3

ኮምፒውተሩ ጥፍሩን መቁረጥ ጀመረ። ሌላ ስም አላገኘሁለትም። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ እንደገና ቀጭ። ዘፈኑ መሃል ላይ ቆመ። ባለቤቴ ከመኝታ ቤት ሆኖ አጉረመረመ፤ አሁን ያለው ቋንቋ እሱ ብቻ ነው። ድስቱን ጥጄ ሮጥኩ። ድስቱም አረረ።

ይህን ደብተር የላከችልኝ ልጄ ናት። "እማ፣ ለማንም የማትነግሪውን እዚህ ጻፊው" ብላ። ለማንም የማልነግረው ነገር የለኝም። ባለቤቴ፣ ሰውየው የምለው፣ ሚያዝያ ላይ ወደቀ። ደም አንጎሉ ውስጥ ፈሰሰ። ቀኝ ጎኑና ንግግሩ አብረው ሄዱ። እግሩ ቀስ በቀስ እየተመለሰ ነው። ንግግሩ አልተመለሰም። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

ሰኔ 5፣ ማታ

የንግግር ሐኪሟ መጥታ ነበር። የልጄ እኩያ ናት። "ጋሼ" እያለች ፊቱ ቁጭ ብላ ሀ ሁ ታስቆጥረዋለች፤ እሱ ዝም ብሎ ያያታል። ስትወጣ በር ላይ አንድ ነገር ነገረችኝ። መናገር ያቃታቸው ሰዎች አንዳንዴ መዝፈን ይችላሉ አለች። የንግግሩ መንገድ ሲዘጋ፣ ሰው ለረጅም ጊዜ የለመደው ነገር በሌላ በኩል ዞሮ ይወጣል። ስለዚህ የሚያውቃቸውን ዘፈኖች ያሰሙት፤ ጠዋትም ቀንም ማታም። ወሳኞቹ የመጀመሪያዎቹ ወራት ናቸው። ክረምቱ ሳይወጣ አንድ ቃል ካገኘን ሌላው ይከተላል።

ባናገኝስ? አልኳት። ጎንበስ ብላ ጫማዋን አሰረች።

በዘፈን ግን ማን ይችለናል። ሰውየው ካሴት ቤት ነበረው። ሰው ባዶ ካሴቱን ይዞ ይመጣል፣ የሚፈልገውን ዘፈን ይነግረዋል፣ እሱ ይቀዳለታል። ሁሉንም ሁለት ሁለት ጊዜ ነበር የሚቀዳው። አንዱ ለደንበኛ ነው፤ ንጹሕ ዘፈን። ሌላው ለቤት ነው፤ ምሳ ሰዓት ሳሎን ቁጭ ብሎ የሚቀዳው። የቤቱ ላይ ዘፈኑ ሳይጀምር "እህም" ብሎ ጉሮሮውን ይጠርግና ያስተዋውቃል። ማን እንዳስቀዳው፣ ለምን እንዳስቀዳው፣ ያን ቀን ምን እንደነበረ። "ይህን ያስቀዱት ጥርስ ሐኪሙ ናቸው፤ ሚስቴ እንዳትሰማ ብለዋል።" "ይህን ያስቀዳው የከባድ መኪና ሹፌሩ ነው፤ መንገድ ላይ እንቅልፍ እንዳይወስደው።" ለማን ነው የምታስተዋውቀው ስለው "ለአለቃ" ይለኛል። አለቃ እኔ ነኝ። እሱ ያወጣልኝ ስም ነው፤ በቤቱ ማን እንደሚያዝ ለማንም ለመደበቅ አልሞከረም።

ካሴት የሚገዛ ሲጠፋ ሱቁን ዘጋና ሁሉንም፣ የደንበኛውንም የቤቱንም፣ አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር አስገባ። ማዳመጫ ደፍቶ ስንት ዓመት ሳሎን ተቀመጠ። የተጋባኸው ከማን ጋር ነው እለው ነበር። ካሴቶቹን ሻጋታ በልቷቸው ተጣሉ። አሁን ያ ሁሉ ያለው ጥፍሩን በሚቆርጠው ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ነው።

ሰኔ 8

ዋይፋይን ጠራሁት። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ለሰፈሩ ኢንተርኔት ያስገባው እሱ ስለሆነ ግን ሁሉም ዋይፋይ ይለዋል፤ እሱም ተቀብሎ የሱቁ መስኮት ላይ ጽፎታል። ጆሮውን ኮምፒውተሩ ላይ ለጥፎ እንደ ሐኪም አዳመጠ።

ዲስኩ እያጣጣረ ነው አለኝ። ዛሬም ሊሞት ይችላል፣ ከወር በኋላም ሊሞት ይችላል። "እትዬ፣ ያጥፉትና አዲስ ቦታ እስክናገኝለት አይንኩት።"

አጠፋሁት። ቤቱ ጭር አለ።

ሰኔ 9

ላውንደሪ፣ ሥራ ቦታዬ። ምሳ ሰዓት። በሚተኮስ ሱሪና በሚተኮስ ሱሪ መሃል።

የምፈልገው ይህ ነው። አልጋው አጠገብ አንድ ስፒከር። አንድ ቁልፍ፤ በግራ እጁ ራሱ ሊጫነው የሚችል። ኮምፒውተር መክፈት የሌለበት። እኔ ሥራ ስሆን ከዚህ በስልኬ ላስጀምርለት የምችል። ድምፅ የማያሰማ። የማይሞት።

የማይሞት የሚለውን ዋይፋይ ፊት አልናገረውም፤ ይስቅብኛል።

ሰኔ 10፣ ማታ

የዋይፋይ ሱቅ ሄድኩ። ልጄ በስልክ ቀድማኝ ነበር፤ ኢንተርኔት ላይ ቦታ ተከራይተሽ እዚያ አስቀምጪው አለችኝ። የእሷ ከተማ ኢንተርኔት እንደ ቧንቧ ይፈስሳል፤ የእኛ ይንጠባጠባል። ያን ሁሉ ዘፈን በእኛ መስመር እስክልከው እኔም ጡረታ እወጣለሁ። ደግሞ መስመሩ በተቋረጠ ቁጥር ሰውየው ዘፈን ሊያጣ ነው? ዘፈኑ እቤታችን የሚቀመጥ፣ መስመር ቢቋረጥም የሚዘፍን፣ ኢንተርኔት የሚለምነው እኔ ከሥራ ስከፍተው ብቻ የሆነ ነው የምፈልገው አልኩ።

ዋይፋይ መጀመሪያ ያሳየኝ አራት ዲስክ የሚውጥ ግዙፍ ማስቀመጫ ሳጥን ነው። ማራገቢያው እንደ እኛ መተኮሻ ማሽን ያገሳል። ይህ ለስቱዲዮ ነው እንጂ ለበሽተኛ አይሆንም አልኩት። ቀጥሎ ባለ አንድ ዲስኩን አመጣ፤ ትንሽ፣ ዝምተኛ፣ ወደድኩት። ዲስኩ ሲሞትስ? ስለው "ያው ይሞታል" አለኝ። ዲስክ ራውተሩ ላይ ሰክቶ መተውም ይቻላል አለ፤ ግን ራውተራችን ያረጀ ስለሆነ ይንቀራፈፋል። መጨረሻ ላይ ባለ ሁለት ዲስኩን አወጣ። የጫማ ካርቶን ታክላለች። "የሚጻፈውን ሁሉ ሁለቱም ዲስኮች ላይ እኩል ትጽፋለች። አንዱ ቢሞት አንዱ አለ።"

ሁለት ሁለት ጊዜ! እንደ ሰውየው። ይህን ሳጥን የሠራው ሰው ባሌን የሚያውቀው መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ አልጠየቅኩም። መጠየቅ ነበረብኝ እንዴ? የገንዘቡን ነገር አልጽፍም፤ ደብተሩ ራሱ ይደነግጣል።

እሱ ቢኖር፣ አለ እኮ፤ እሱ ቢናገር ማለቴ ነው፣ "አለቃ፣ ተሳስተሻል፤ በመጀመሪያ መመሪያውን አንብቢ" ይለኝ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ሲያርመኝ ነው የኖረው። የሰው ስም ስስት፣ ቀን ስስት፣ የጨው ልክ ስስት። ያን ያህል አስጠልቶኝ የነበረ ነገር የለም።

ሰኔ 14

ማዛወር ጀመርን። ቀጭ ባለ ቁጥር ዋይፋይ ዓይኑን ይጨፍናል፣ እኔ ትንፋሼን እይዛለሁ። ሲቆም አጥፍተን እናሳርፈዋለን፤ ከዚያ እንቀጥላለን። ማታ ላይ የመጨረሻው ገባ። አንድም አልቀረም።

አሮጌውን ዲስክ ዋይፋይ ለመለዋወጫ ልውሰደው አለ። ይውሰደው። ዓይኔ እንዳያየው።

ሰኔ 16

ስፒከሩን ትራሱ አጠገብ አስቀመጥነው። ግራ እጁን ይዤ ቁልፉን አስጫንኩት። "እህም" አለ ስፒከሩ።

አንገቱን አዞረ። "ይህን ያስቀዳችው የዳቦ ቤቷ ልጅ ናት፤ ነገ ትዳራለች፤ ማልቀሻ ዘፈን ስጠኝ አለችኝ።" ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል! ድምፅ የለውም፣ ግን ከስፒከሩ ጋር ይሄዳል። ከዚያ ዘፈኑ ገባ፤ ከንፈሩ ቆመ። እኔ እንደ ሞኝ ከጎኑ ዘፈንኩ፣ አጨበጨብኩ። እሱ ጣሪያውን ያያል።

ሌላ አስጫንኩት። ያው ነው። ወሬው ላይ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ዘፈኑ ላይ ዝም። ሐኪሟ የምትፈልገው ዘፈኑ ላይ ነው። አዘንኩ፤ ለምን እዋሻለሁ። የሚያስፈልገው ቦታ ሲደርስ ይተወዋል።

ሰኔ 21

ሥራ ላይ በስልኬ ከፈትኩት። ሳጥኑ ከሩቅ መሥራቱን ለመፈተሽ ነው።

አንዱ ላይ እኔ አለሁበት። እሱ ማስተዋወቅ ሲጀምር እኔ ከወጥ ቤት ሆኜ ምሳው ቀዘቀዘ እያልኩ እጮኻለሁ። እሱም እየሳቀ "አለቃ ተቆጥታለች፤ ዘፈኑን ልልቀቅ" ይላል። ድምፄ እንዴት ቀጭን ነበር። ደጋግሜ ፈተሽኩት። አጠገቤ የምትተኩሰው ሴት ምን ሆነሽ ነው አለችኝ፤ እንፋሎቱ ነው አልኳት። የሰው ነጭ ኮሌታ ሳላውቀው አሳረርኩ።

ሰኔ 27

ታላቅ እህቱ መጣች። እኔ ሥራ ስውል አጠገቡ የሚሆን ሰው አልነበረንም፤ ስለዚህ ሻንጣዋን ይዛ ስትገባ ደስ ብሎኝ ተቀበልኳት። ከእራት በኋላ ደስታዬ በረደ። ክረምቱ ሲወጣ ወንድሟን ይዛው ትሄዳለች። የእሷ ቤት ደረጃ የለውም፣ ሰው አለ፣ እሷም ጡረታ ላይ ናት። "አንቺ ልጅ፣ አንቺም ሰው ነሽ። ቀን ከሌት ተኩሰሽ መጥተሽ እሱን ልታገላብጪ? የሚናገር ቢሆን እሺ። ካልተናገረ ግን እኔ ጋም አንቺ ጋም ለእሱ ያው ነው።"

ይናገራል እትዬ፣ ሐኪሟ ብላለች አልኩ። ክረምቱ ሳይወጣ። እህቱ በመስኮት ዝናቡን አየችው።

ሐምሌ 2

ስገባ እህቱ ስልክ ላይ ነበረች፣ እኔን አላየችኝም። "ከእሱ ጋር አታወራም እኮ፤ ከሳጥኑ ጋር ነው የምታወራው" ትላለች።

ጫማዬን ሳላወልቅ ተመልሼ ወጣሁ። ዳቦ ገዛሁ። ዳቦ ነበረን።

ሐምሌ 6

መብራት ጠፋ። ሳጥኑ ድርግም አለ። እስኪመጣ ድረስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እጁን ያዝኩ። ሲመጣ ሁለቱም መብራቶቹ አረንጓዴ ሆኑ። እጁን ለቅቄ ሳጥኑን ለማየት ነው የተነሳሁት። እህቱ ልክ ናት መሰለኝ።

አንድ ቃል የለም። ከንፈር ብቻ።

ሐምሌ 11

ድክም ብሎኛል። በአጭሩ።

ስልኬ ላይ እያንዳንዱ ዘፈን ሁለት ሁለት ጊዜ ተዘርዝሯል፤ ባለ ወሬውና ንጹሑ። አንዱ ሲያልቅ ያው ራሱ ዘፈን ይመጣል። እህቱ ቀኑን ሙሉ አንድ ዘፈን ሁለቴ እየሰማች "ይህ ዕቃ ተበላሽቷል እንዴ?" ትለኛለች። ሰውየው ጥቂት ሰምቶ ይደክመዋል፤ ጉልበቱ ወሬው ላይ ያልቅና ዘፈኑ ጋ ሲደርስ ምንም አይተርፈውም። ፕሮግራሙ ላይ ድግግሞሽ ፈልጎ የሚያወጣ ቦታ አገኘሁ። በእኛ ሥራ አንድ ቁጥር ሁለት ልብስ ላይ ከተሰካ አንዱ ስህተት ነው፤ ይነቀላል። ማሽን ውስጥ ሳይገባ መንቀል ነው፤ በኋላ የሰው ልብስ ከሰው ይቀላቀላል። እጄ ይህን ሥራ ሳላስበው ነው የሚሠራው።

ባለ ወሬዎቹን መረጥኩ። አጠፋቸው ይሆን ብዬ ትንሽ ሰጋሁ። ግን ዲስኩ ሁለት አይደል? ከአንዱ ባወጣ በሌላው ላይ አለ። ተጫንኩ። ዝርዝሩ እንደታጠበ ሸሚዝ ጥርት አለ። እፎይ።

ሐምሌ 12

አዲስ ነገር አመጣ። ዘፈኑ ሲጀምር የግራ እጁን ጣት ያነሳል። ቆይ እንደሚል ሰው። ከዚያ ያወርደዋል። ከንፈሩም ቆሟል።

ሐምሌ 14፣ ቀን

ጣቱ። እንደገና። አሁን ስፒከሩን በክንዱ ገፋው፣ ወደቀ። ሐኪሟ ጡንቻ ነው፣ ሲያገግም እንዲህ ያደርጋል አለች።

ምሳ ሰዓት ያንን ምሳ ቀዘቀዘ የምልበትን ልፈትሽ ፈለግኩ። ከዝርዝሩ የለም። አውቃለሁ፣ ከዚህኛው ዲስክ አውጥቼዋለሁ። ከሥራ ስወጣ ዋይፋይ ሁለተኛውን ዲስክ ይክፈትልኝ።

ሐምሌ 14፣ ማታ

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

የዋይፋይ ፊት መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት ነው። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። "እትዬ፣ ሁለተኛው ዲስክ ለብቻው አይከፈትም። ሁለቱ አንድ ናቸው። አንዱ ላይ የሚጻፈው ሌላውም ላይ ይጻፋል። አንዱ ላይ ያጠፉት..."

"ጨርሰው" አልኩት።

"ሌላውም ላይ ይጠፋል።"

አንተ አይደለህ እንዴ አንዱ ቢሞት አንዱ አለ ያልከኝ? "ቢሞት ነው ያልኩት፣ ቢያጠፉት አላልኩም" አለ። እውነቱን ነው። ሳጥኑ ከዲስክ ሞት ያድናል፤ ከእኔ እጅ አያድንም። የተጣለ ፋይል የሚያርፍበት ቅርጫት እንኳ አለው፤ ስንገጥመው ሳንከፍተው ቀርተናል። ይህን ሲናገር ድምፁ አነሰ።

አሮጌው ዲስክስ? አልኩ። ዋይፋይ ዞሮ ግድግዳውን አየ። ፈትቶታል። ሆዱ ውስጥ ያለውን ማግኔት አውጥቶ ግድግዳው ላይ ለጥፎታል፤ መፍቻዎቹን አንጠልጥሎበታል። የባሌ ድምፅ ይኖርበት የነበረው ዕቃ መፍቻ ይዞ ተሰቅሏል።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ዘፈን ዘፈን ስል ድምፁን ጣልኩት። ማንም አላጠፋው። በሽታው እንኳ አላጠፋውም። እኔ ነኝ በገዛ እጄ።

ሐምሌ 17

ዋይፋይ ቀኑን ሙሉ በሆነ ፕሮግራም ሲቆፍር ዋለ። የወጣው ስብርባሪ ነው። ጩኸት፣ ግማሽ ከበሮ፣ ዝምታ። አንድ ብቻ ሙሉ ወጣ፤ ሙሉ ከተባለ።

"እህም።"

ይኸው ነው። ከዚያ ይቆረጣል። ዋይፋይ ክፍያ አልቀበልም አለ፤ እኔም አልለመንኩትም።

ሐምሌ 20

እህም። አውቶቡስ ላይ። እህም። መተኮሻው ጋ። አጠገቤ ያለችው ሴት ጉንፋን ይዞሻል አለችኝ።

ሐምሌ 23፣ ማታ

ዛሬ ገባኝ፤ መግባቱ ለምን ይጠቅመኛል። "የለመደው ነገር በሌላ በኩል ዞሮ ይወጣል" ነበር ያለችው ሐኪሟ። ሰውየው ዘፋኝ አይደለም፤ በሕይወቱ አንድ ዘፈን ዘፍኖ አያውቅም። ሲያስተዋውቅ ነው የኖረው። ከንፈሩ የተንቀሳቀሰው በትክክለኛው ቦታ ላይ ነበር። ቃሉ ሊመጣ የነበረው በዚያ በኩል ነበር፤ እኔ አጥፍቼ ዘጋሁበት። ዓይኔ ሥር ነበር እኮ። ጽፌዋለሁ፣ ሰኔ 16 ላይ ጽፌዋለሁ፣ አዘንኩም ብያለሁ።

ለሐኪሟ አልነገርኳትም። ለእህቱ አልነገርኳትም። ልጄ ደውላ "እማ፣ ሳጥኑ እንዴት ነው?" አለችኝ፤ በጣም ጥሩ ነው አልኳት። ሆድ ይፍጀው።

እንደዚህ ሆኜ አላውቅም። እሱ ሲያየኝ የሚያውቅ ይመስለኛል፤ ከዚያ ደግሞ ምንም የማያውቅ ይመስለኛል፤ የትኛው እንደሚብስ አላውቅም። እንዲያውም ይሂድ፣ ከእህቱ ጋር ይሂድ፣ ከእኔ ይልቅ እሷ ትጠብቀዋለች ብዬ አሰብኩ። ይህን ማሰቤን መጻፍ አልፈለግኩም ነበር።

ሐምሌ 29

እህቱ የሚወስደውን መኪና ተነጋግራ ጨርሳለች። ነሐሴ ሲጋመስ። ልብሱን እጠፊልኝ፣ አንቺ ነሽ የምታውቂበት አለችኝ። አጠፍኩ። ሸሚዞቹን በሙሉ ተኮስኳቸው። ለማን እንደምተኩሳቸው አላሰብኩም።

ነሐሴ 2፣ ማታ

ነገርኩት።

እህቱ ሱቅ ሄዳ ነበር። አልጋው ጫፍ ተቀምጬ ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገርኩት። ሳጥኑን፣ ድግግሞሹን፣ የነቀልኩትን፣ ማግኔቱን። ድምፅህን ደመሰስኩት አልኩት፤ በዚሁ ቃል። ያየኛል። አላለቀሰም፣ አልተቆጣም። በግራ እጁ ቁልፉን ተጫነ።

ንጹሑ ዘፈን ጀመረ። ጣቱን አነሳ።

ያኔ ነው ያየሁት። ያ ጡንቻ አይደለም። ተስፋ ቆርጦ የተዘረጋ ጣትም አይደለም። ሰው ተራው ደርሶ የሚያነሳው ጣት ነው። ሳይተዋወቅ ዘፈን አትልቀቁ እያለ ነው። ከሐምሌ ጀምሮ በየቀኑ እየነገረኝ ኖሯል።

ዘፈኑን አቆምኩት። "እህም" አልኩ፣ እንደ እሱ። "ይህን ያስቀዳችው የዳቦ ቤቷ ልጅ ናት፤ ነገ ትዳራለች፤ ማልቀሻ ዘፈን ስጠኝ አለችኝ።"

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

ነሐሴ 4

ሁሉንም አላውቃቸውም። ግን ስንት ዓመት ከሳሎን እየሰማሁ ሽንኩርት ከትፌያለሁ፤ ሳላስበው ጭንቅላቴ ውስጥ የቀሩ ብዙ ናቸው። የሹፌሩ፣ የነርሷ፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ ዘፈኑን አስቀድቶ ካሴቱን ሳይወስድ የጠፋው ወታደር። እኔ አስተዋውቃለሁ፣ እሱ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ ከዚያ ዘፈኑን እለቃለሁ። እህቱ በር ላይ ቆማ አየችን። "ሁለታችሁም ታማችኋል" አለች። ቁጣ ግን አልነበረበትም።

በስልኬ እየቀዳሁ ነው። ማታ ወደ ሳጥኑ አስገባለሁ። ከሳጥኑ ደግሞ ዋይፋይ በሰጠኝ ሌላ ዲስክ ላይ እገለብጣለሁ፤ ያንን ከሳጥኑ ነቅዬ ላውንደሪ መሳቢያዬ ውስጥ ቆልፌበታለሁ። እጄ ተሳስቶ የማይደርስበት ቦታ። አሁን ገና ነው ሁለት የሆነው።

ነሐሴ 7

ከንፈር ብቻ። መኪናው የሚመጣው በዚህ ሳምንት መጨረሻ ነው። እህቱ የእሱን ልብስ የያዘውን ሻንጣ ኮሪደር ላይ አውጥታዋለች። በሄድኩ በመጣሁ ቁጥር እግሬን ይመታኛል።

ድምፄ ሰልሏል።

ነሐሴ 9

ከሥራ ገብቼ ካፖርቴን ሳላወልቅ ተቀመጥኩ። ዝናብ አርሶኛል፣ ደክሞኛል፣ የምለውን አላውቅም። ስልኬን ለመቅዳት ከፈትኩ። "እህም። ይህን ያስቀዱት ዓይን ሐኪሙ ናቸው፤ ሚስቴ እንዳትሰማ ብለዋል።"

ጣቱን ወደ ዘፈኑ ሳይሆን ወደ እኔ አዞረ። ግንባሩ ተቋጠረ። ያንን ግንባር አውቀዋለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ አስጠልቶኝ የኖረ ግንባር ነው። አፉ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ እንደገና ተከፈተ።

"አይ... ደለም።"

አልተንቀሳቀስኩም። ብንቀሳቀስ የሚመለስ መሰለኝ። ከኮሪደሩ የእህቱ ድምፅ መጣ። "ማነው የተናገረው?"

ገባች፤ ሁለታችንን አየችን። ምን አለ? አለችኝ። ተሳስተሻል አለኝ አልኳት፤ እንባዬ አፌ ውስጥ ገባ። ጥርስ ሐኪሙ ናቸው፣ ጥርስ ነው እንጂ ዓይን አይደለም፣ እውነቱን ነው፣ ሁልጊዜ እውነቱን ነው። እህቱ አልጋው ጫፍ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። ቆይታ ወጣችና ሻንጣውን ከኮሪደሩ ወደ ክፍሏ ስትጎትተው ሰማሁ።

ሌላ ቃል አላለም። ደጋግሜ ብጠይቀው ደከመውና ተኛ። አለቃ አላለኝም። አረመኝ ብቻ። የቀዳሁትን ሳጥኑ ውስጥ አስገብቼ ሰማሁት፤ ለመፈተሽ አይደለም፣ ልሰማው ነው። የእኔ "እህም" አለ፣ ስህተቴ አለ፣ ዝናቡ አለ፣ ከዚያ እሱ አለ። ሌላኛው ዲስክ ነገ ጠዋት ላውንደሪ ስደርስ ይቀበለዋል።

ማታ ደግሞ አውቄ የሹፌሩን ዘፈን ለዳቦ ቤቷ ልጅ እሰጣታለሁ፤ እስቲ ያርመኝ።